በር ላይ የቀረውን አስታማሚ አስገቡት

ባሕር ዳር ላይ ለሕክምና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል

እንደምን አደራችሁ። የተሰጠኝ ርእስ "የተለመዱ የነርቭ ሕመሞች ምርመራና ሕክምና" ይላል። ይህን በአንድ ጠዋት ማንም አይጨርሰውም። ስለዚህ እኔ የሚያንገበግበኝን እመርጣለሁ፤ የቀረውን መጽሐፋችሁ ይነግራችኋል።

ከስሕተቴ ልጀምር። ገና ሐኪም በተባልሁበት ዓመት ከጣና ዳር ዓሣ አጥማጆች አንዱ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣ። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። "ያዞረኛል፤ ከዚያ ወዲያ አላውቀውም" አለኝ። ግፊቱን ለካሁ፣ ልቡን አዳመጥሁ፣ ደሙን አስመረመርሁ፤ ሁሉም ደኅና ነው። ካርዱ ላይ "ራስ መሳት" ብዬ ጻፍሁና ቁርስ ሳይቀምስ ሐይቅ ላይ እንዳይወጣ መክሬ ሸኘሁት። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና አመጡት። ታንኳው ላይ ሳለ ይዞት ውሃ ውስጥ ወድቆ፣ ጓደኞቹ ደርሰው ነው ያወጡት። ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ሚስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በመጀመሪያውም ቀን እዚያችው ወንበር ላይ ነበረች። ጥበቃው "አስታማሚ ውጭ ይቆይ" ስላላት አልገባችም፤ እኔም አልጠራኋትም።

"እስቲ ሲይዘው ምን ታያለሽ?" አልኋት። ጥቂት አሰብ አድርጋ እንዲህ አለች፤ "መጀመሪያ ዝም ይላል። ዓይኑ ይፈጣል እንጂ አያየኝም። ከዚያ ምንም ሳይጎርስ ያላምጣል። ቀኝ እጁ ነጠላዬን ይሁን ደንገሉን፣ ያገኘውን ይነካካል፤ ግራው ይገተራል። ብጠራው አይሰማኝም። ሲመለስም የት እንዳለ እስኪለይ ድረስ ቡና ይፈላል።"

ልብ ብላችሁ ስሙት። የፈጠጠ ዓይንና ማላመጥ የጎን አንጎልን፣ በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን ክፍል ይጠቁማል። ያገኘውን የሚነካካው ቀኝ እጅና የሚገተረው ግራ እጅ ተደምረው መነሻው በቀኙ በኩል መሆኑን ይጠቁማሉ። ቡና እስኪፈላ የቆየው መደናገር ደግሞ ይህ ተራ ራስ መሳት ሳይሆን የሚጥል በሽታ መሆኑን ይናገራል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በስድስት ዓረፍተ ነገር የሕመሙን ስምና የአንጎሉን ሰፈር ነገረችኝ። ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ሐኪሞች ይህን በሽታ የለዩት እንደ እርሷ ያሉ ሰዎችን አዳምጠው ነው። ዛሬም ኢኢጂ፣ ይህን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ በሽታው የለም ማለት አይደለም። የሚስቲቱ ቃል ግን ማሽኑ ያልያዘውን ይይዛል።

በነርቭ ሕክምና ሁለት ጥያቄ አለ፤ ጉዳቱ የት ነው? ጉዳቱ ምንድን ነው? "የት" የሚለውን መዶሻችሁና ዓይናችሁ ይመልሱታል። "ምን" የሚለውን ግን በአብዛኛው የሚመልሰው ሕመሙ የመጣበት ፍጥነት ነው። በቅጽበት የመጣ የደም ሥር ወይም የኤሌክትሪክ ጣጣ ነው። በሰዓታትና በቀናት የመጣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ይሆናል። በሳምንታትና በወራት የሚገፋ ቲቢንና ዕጢን ያሳስባል። በዓመታት እያዘገመ የሚመጣ የነርቭ ሴሎች መመናመን ነው። ይህን ፍጥነት ደግሞ ታማሚው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ወይ ራሱን ስቶ ነበር፣ ወይ መናገር አቅቶታል፣ ወይ ለውጡን አልተገነዘበውም። የሚያውቀው አብሮት የሚኖረው ሰው ነው።

ወደ የሚጥል በሽታ ልመለስ፤ ብዙ የምንሳሳትበትም፣ ብዙ የምንረዳበትም እርሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ሕመም አለበት፤ 80 በመቶ የሚጠጋው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራል፤ በትክክል ተለይቶ ቢታከም እስከ 70 በመቶው ሳይጥለው መኖር ይችላል። በአገራችን ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ ተገኝቶበታል።

አስታማሚን "ይንቀጠቀጣል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም "አዎ" ይላል። ደም ወደ አንጎሉ አልደርስ ብሎት ራሱን የሳተ ሰውም ጥቂት ይወራጫል። ይልቅ "እስቲ አድርገው አሳዩኝ" በሉ። የልጃቸውን አኳኋን ሊያሳዩኝ ጋቢያቸውን አስቀምጠው ወለሉ ላይ የተኙ አባት አሉ፤ ከእርሳቸው የተማርሁትን ያህል ከብዙ ገጽ አልተማርሁም። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተጨፍኖ? ከመውደቁ በፊት አላበው ወይ? ምላሱን ነክሶ ከሆነ ጫፉን ነው ወይስ ጎኑን? በሚጥል በሽታ ዓይን ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ምላስ በጎን ይነከሳል፤ ከነቃ በኋላም ግራ መጋባትና ከባድ እንቅልፍ ይከተላል። በተራ ራስ መሳት ሰውየው አስቀድሞ ያልበዋል፣ ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ከወደቀ በኋላ ግን ቶሎ ነቅቶ "ምን ሆኜ ነው?" ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ፣ እየበረደና እየተነሣ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ከሥነ ልቡና ጭንቀት የሚመጣ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። "አስመሳይ ነው" የሚል ተማሪ ከዎርዴ ይውጣ። ያም ሕመም ነው፤ የራሱ ሕክምና አለው።

እዚህ ላይ ስለ ክብሪት አንድ ነገር ልበል። የወደቀ ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት መጫር የሁላችንም ሰፈር ልማድ ነው፤ "ሲያሸት ነቃ" ይባላል። አብዛኛው መንፈራገጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪት ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ ጭሮ እስኪያሸቱት የሚፈጀውም ያንኑ ያህል ነው። ምስጋናውን ክብሪቱ ወሰደ። ጉዳት የሌለው ሞኝነት ቢሆን ዝም ባልሁ፤ ግን ሰው ክብሪት ሲፈልግ ታማሚውን በጎኑ አያስተኛውም። አምስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ በራሱ ይቆማል ብሎ መጠበቅ የለም፤ ድንገተኛ ነው። አየር ቧንቧውን ጠብቁ፣ የደም ስኳሩን ለኩ፣ ለአዋቂ 10 ሚሊ ግራም ዲያዜፓም በደም ሥር ቀስ አድርጋችሁ ስጡ። ደም ሥር ካልተገኘ በፊንጢጣ ይሰጣል።

ሌላው መዘዝ እሳት ነው። የአፉ አረፋ ይጋባል ተብሎ ስለሚፈራ ምድጃ ላይ የወደቀን ሰው የሚያነሣው ይጠፋል። በቃጠሎ ክፍል ስትሠሩ ከቁስሉ በፊት "እንዴት ወደቀች?" ብላችሁ እናቷን ጠይቁ። የሚጥል በሽታ ተለይቶ የማያውቅ ስንት ሰው እዚያ ተኝቷል መሰላችሁ!

መንስኤውን ስትፈልጉ ከሌላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ የአሳማ ኮሶ እጭ አንጎል ውስጥ መግባቱን በመጀመሪያ ረድፍ ይጽፍላችኋል። በላቲን አሜሪካ እውነት ነው። እዚህ ግን አብዛኛው ሰው የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የምናገኘው ኮሶ ደግሞ ዘሩ ሌላ ስለሆነ እጩ በሰው አንጎል ውስጥ አይቀመጥም። ይልቅ የወሊድ ታሪኩን ጠይቁ፤ ምጡ ስንት ቀን ፈጀ? ሲወለድ አለቀሰ? በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ይዞት ነበር? ይህንንም የምታውቀው እናት ናት።

ስለ መድኃኒት። ፌኖባርቢታል ለዚህ ሕመም የዋለው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አርጅቷል ብላችሁ አትናቁት፤ ርካሽ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ማታ ይዋጣል። ለአዋቂ ከ60 ሚሊ ግራም ጀምሩ፤ እንደ አስፈላጊነቱ ቀስ እያላችሁ እስከ 180 ማሳደግ ይቻላል። በደም ውስጥ ልኩ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአራተኛው ቀን ጣለው ብላችሁ አትደናገጡ። ከአንድ የአንጎል ክፍል ለሚነሣው ካርባማዜፒን ጥሩ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ፈዞ ለሚቀረው የልጆች ዓይነት ግን ያባብሳል። ቫልፕሮኤት ብዙ ዓይነቱን ይይዛል፤ ነገር ግን ልትወልድ ለምትችል ሴት ሌላ ምርጫ እስካለ ድረስ አይሰጥም፤ ፅንሱን ይጎዳል። ብዙ ሐኪም የሚዘነጋው ሌላም አለ፤ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ያዳክማሉ። ይህን ሳይነግሯት "እንዴት ልታረግዢ ቻልሽ?" ብሎ ማፍጠጥ ነውር ነው።

መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በብርቱ ይመለሳል፤ የማያቋርጥ መንፈራገጥ ሆኖ ሊገድልም ይችላል። ሰዎች የሚያቋርጡት በአብዛኛው ጠበል ሲገቡ ነው። እኔ ጠበልን ከመድኃኒት ጋር አላጣላም። "በጠበሉ ዋጠው፤ ማታ ከጾም ፍቺ በኋላ ይሁን" እላለሁ። አብረውት የሚሄዱትን አክስቱን አስጠርቼ ክኒኑን በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ። በየሳምንቱ ልኩን ለሚያሰላስል ሐኪም ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ካዘዝኋቸው መድኃኒቶች ይልቅ ያስያዝኋቸው አክስቶች የበለጠ ሰው አድነዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሐይቁን ዞረን ወደ ፎገራና ደንቢያ ሜዳ እንሂድ። ክረምቱ ሲወጣ፣ በቀረው እርጥበት የሚዘራ አንድ እህል አለ፤ ጓያ። ዝናብ ሲቀር ሌላው ይከዳል፤ ጓያ አይከዳም። እዚያ ላይ ነው መከራው። ሌላ እህል ጠፍቶ ሽሮው ጓያ፣ ቂጣው ጓያ፣ ንፍሮው ጓያ ሆኖ ሁለትና ሦስት ወር የተበላ እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ እግርን የሚያዙትን የላይኛውን የእንቅስቃሴ ነርቮች ይገድላል። ይህን በሽታ በነዚህ ወረዳዎች ቤት ለቤት ያጠኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ ሥራቸውን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ታማሚው ገና ከበር ሲገባ ይለያል። በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፤ ጭኖቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ አንዳንዱ በአንድ በትር፣ አንዳንዱ በሁለት፣ የባሰበትም በእጁ እየዳኸ። እግሩ ግትር ነው፤ ጉልበቱን በመዶሻ ነካ ስታደርጉት ይዘላል፤ ቁርጭምጭሚቱ ይርገበገባል፤ የውስጥ እግሩን ስትጭሩት አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሣል። ይህን የመጨረሻውን ምልክት ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው የገለጸው፤ ዛሬም መክፈቻ ቁልፍ ብቻ ይዞ የሚታይ ነገር ነው። መርፌ ስትወጉት ግን ይሰማዋል። ሽንቱን በአብዛኛው ይቆጣጠራል። አእምሮው ሙሉ ነው። ሕመሙም ከያዘ በኋላ ከዓመት ዓመት አይብስም።

"ጓያ በልተሃል?" ብትሉት "አልበላሁም" ይላል። የችግር ምግብ ነው፤ ያፍራል። አንዳንዱም "እንፋሎቱ መታኝ እንጂ መብላትማ ሁሉም በልቷል" ይላችኋል። እህሉን የፈጨችውን፣ ወጡን የሠራችውን አስገቡ። "የዚያን ዓመት ጤፉስ እንዴት ነበር? በቤቱ ሌላ ሰው እግሩን ታሞ ያውቃል? ለስንት ወር ይህን ብቻ በላችሁ?" ስትሏት የጎደለው ይሞላል። ሕክምናው ጓያን ማቆም፣ ግትርነቱን በባክሎፌን ማላላት፣ ፊዚዮቴራፒና ደኅና በትር ነው። የሞተው ነርቭ አይመለስም። እህሉን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ አያጠፋውም። ሌላ እህል የሌለውን ገበሬ "ጓያ አትብላ" ብሎ ማዘዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን እኔ ዛሬም መልስ የለኝም።

አንድ አደራ አለኝ። የጣና ዳር ሰው እግሩ ስለደከመ ሁሉ ጓያ አትበሉት። በሳምንታት ውስጥ እየባሰ የሄደ፣ ጀርባውን የሚያመው፣ አከርካሪው ላይ ጉብታ ያለው፣ ከእምብርቱ በታች መርፌ የማይሰማው፣ ሽንት አልወጣ ያለው ሰው ኅብለ ሰረሰሩ እየተጨፈለቀ ነው። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ ቶሎ ከተያዘ ሊራመድ የሚችል ሰው ነው፤ ነገ የሚባልለት አይደለም።

ስትሮክ ላይ ብዙ አልቆይም፤ በሌላ ቀን ትማሩታላችሁ። ሆኖም እኛ ዘንድ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ከተገኘበት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ከታየበት ቅጽበት ነው። አስታማሚው "ሁለት ሰዓት ላይ" ሲል ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ የሪፈር ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ብሎ አስፍሮት ይሆናል። በመካከሉ ስድስት ሰዓት ጠፋ፣ ወይም ያለ ቦታው ተጨመረ። ስለዚህ በቁጥር አትጠይቁ። "ቅዳሴ ወጥቶ ነበር? ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደው ነበር? ቁርስ አብራችሁ በላችሁ?" በሉ። ሲቲ ስካን ሳይነሣ የደም መፍሰስና የደም መርጋት በዓይን አይለዩም፤ አስፕሪንም ከዚያ በፊት አይሰጥም። ስኳሩን ሳትለኩ ስትሮክ ነው አትበሉ፤ የስኳር ማነስ ቁርጥ እርሱን መስሎ ይመጣል። ግፊቱ ከፍ ስላለ ደንግጣችሁ ከምላስ ሥር መድኃኒት አታስጎንጩ፤ የማሟሟት ሕክምና በማይሰጠው፣ ደም በረጋበት ሰው እስከ 220 በ120 ድረስ ይታገሡታል። መዋጥ መቻሉን ሳትሞክሩ አጥሚት የሚያጎርሱትን ደግ ዘመዶች አስቁሙ፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ታማሚው ወጣት ከሆነ ልቡን ደጋግማችሁ አድምጡ፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተጎድቶ የጠበበ የልብ በር ታገኙ ይሆናል።

ፊቱ ተጣሞ "ነፋስ መታኝ" ብሎ የሚመጣውን ቅንድቡን እንዲያነሣ ንገሩት። ግንባሩ ከተሸበሸበና የታችኛው ፊቱ ብቻ ከደከመ ጉዳቱ አንጎል ውስጥ ነው። ግንባሩም አብሮ ከደከመ የፊት ነርቭ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ፕረድኒሶሎን ጀምሩለት፣ የማይከደን ዓይኑን በቅባት ጠብቁለት።

ትኩሳት ኖሮት ራሱን የሳተን ሰው በተመለከተ፣ እኛ ወባ ያለበት ዳርቻ ላይ ስለሆንን ወባ ሲገኝ ምርመራው እዚያ ይቆማል። አይቁም። ወባና ማጅራት ገትር አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከወገብ ውሃ መቅዳት ሲነሣ ቤተሰቡ "ሽባ ያደርገዋል" ብሎ እምቢ ይላል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በጣም ዘግይተን እንቀዳለን፣ ሰውየው ይሞታል፣ መርፌው ይከሰሳል። ገና በመጀመሪያው ሰዓት ከእናቱ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አስረዷት። ምርመራው ቢዘገይ እንኳ ባክቴሪያ ገዳዩ መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን አይዘግይ።

ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ በቀናት ውስጥ የሚወጣ ድካም ሲመጣ፣ ጉልበቱም በመዶሻ አልመለስ ካለ፣ ጊላን ባሬ የሚባለውን የነርቮች ብግነት አስቡና በአንድ ትንፋሽ እንዲቆጥርላችሁ ጠይቁ። ትናንት ሃያ የደረሰው ዛሬ አሥር ላይ ከቆመ፣ የኦክስጅን መለኪያው ደኅና ቢልም ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውሰዱት። ራስ ምታትን አልፈዋለሁ፤ በየቀኑ ማስታገሻ የሚውጥ ሰው ራስ ምታቱን የሚያመጣው ማስታገሻው ራሱ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ያዙልኝ።

ከመካከላችሁ አንዷ ተማሪ በእረፍት ሰዓት "ታማሚው ብቻውን ቢመጣስ?" ብላ ጠይቃኛለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ለሁላችሁም ልመልሰው። አብዛኛው ሰው ዛሬ ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ። "ሲይዝህ አጠገብህ ማን ነበር?" ብላችሁ ፈቃዱን ጠይቁና እዚያው ደውሉ። ቤተሰቡም በሚቀጥለው ጊዜ ሲይዘው አንዱ በጎኑ ያስተኛው፣ ሌላው በስልኩ ፊልም ያንሣ በሉ፤ ዓይኑና ሁለቱ እጆቹ እንዲታዩ። ያ ዓሣ አጥማጅ ካርባማዜፒን ከጀመረ በኋላም ለረጅም ጊዜ ክትትል ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ ታንኳ እንዲተው ነገርሁት፤ አልተወም፤ መተዳደሪያው ነው። በኋላ ተስማምተን ብቻውን አይወጣም፣ ሲወጣም ወንድሙ ከኋላው ይቀዝፋል። ቀጠሮውን የምታስታውሰው ሚስቱ ነበረች፤ ጥበቃውም ስሟን ለይቶ ስለሚያውቃት አያስቆማትም ነበር።